ማጅራት የማይገትረው ማጅራት ገትር

የቀረበው ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ወንድሜ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ካወቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ መድኃኒቱን ካቋረጠ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ራሱን ማመም ሲጀምረው ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸንለት። ሲብስበት አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ የአምስት ቀን መርፌ ሰጠው፤ ሌላው ሳይነስ ነው አለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፤ ከሁለት ቀን ወዲህ ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ትኩሳቱ ያን ያህል አይደለም፣ አንገቱንም እንደ ልቡ ያዞራል፤ ስለዚህ ማጅራት ገትር አይደለም ብለን ተጽናንተን ነበር። ነርስ የሆነች ዘመዳችን ግን ፈንገስ ወደ አንጎሉ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ከጀርባው ፈሳሽ ተወስዶ ይመርመር አለችን። ፈንገስ የቆዳና የጥፍር በሽታ አይደለም ወይ? በእግሩ ጥፍር ላይ ያለው ነው ወደ ላይ የወጣው? ፍሉኮናዞል ከፋርማሲ ገዝተን ብንሰጠውስ? ፈሳሹን ማስወሰድ ሽባ ያደርጋል ስለሚባል እናታችን እንቢ ብላለች። በቤታችን ሁለት ሕፃናት ስላሉ ይተላለፍባቸው እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ ወንድምዎ ዛሬውኑ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ላቦራቶሪና አልጋ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ለሳምንታት እየበረታ የሄደ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት ከታየበት፣ ሌላ ምክንያት በምርመራ እስኪገኝ ድረስ ክሪፕቶኮከስ በተባለ ፈንገስ የመጣ ማጅራት ገትር እንዳለበት ተቆጥሮ ነው መታየት ያለበት። ሕመምተኛውን ሳላየው ይህ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የአንጎል ሽፋን ቲቢም ሆነ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለው የአንጎል ሕመም ተቀራራቢ መልክ አላቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚለዩት ሆስፒታል ውስጥ በሚደረግ ምርመራ ስለሆነ፣ ሦስቱም ካልታከሙ የሚገድሉ ስለሆነ፣ ይህ ጥርጣሬ የዛሬውን ውሳኔ አይለውጠውም። ዘመዳችሁ የሰጠቻችሁ ምክር ትክክል ነው።

ያሳሳታችሁ የበሽታው ስም ራሱ ነው። በወረርሽኝ መልክ የሚመጣው የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ሰውን በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጥላል፤ ትኩሳቱ ያነድዳል፣ አገጭ ደረትን መንካት እስኪያቅተው ድረስ አንገት ይደርቃል፤ በአማርኛ የወጣለት ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። አንገት የሚገተረው ግን የሰውነት መከላከያ ወራሪውን በኃይል ሲዋጋ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ስለሚቆጣ ነው። መከላከያው በተዳከመበት ሰው ላይ ይህ ቁጣ እምብዛም አይነሳም፤ ፈንገሱ የሚዋጋው ሳያገኝ በጸጥታ ይራባል፣ አንገቱ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፣ ትኩሳቱም ትንሽ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይኖርም። ክሪፕቶኮከስ ካለባቸው የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች መካከል አንገታቸው ገትሮ የሚገኘው ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ በወንድምዎ ላይ የአንገቱ መዞር የሚያጽናና ምልክት አልነበረም። ለወረርሽኙ ማጅራት ገትር የሚሰጠው ክትባትም ከዚህኛው አይከላከልም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ በራስ ምታቱ ባሕርይ። ይህ ራስ ምታት ቀስ ብሎ ይጀምርና ቀን በቀን፣ ሳምንት በሳምንት እየከበደ ይሄዳል፤ በማስታገሻ ለጥቂት ሰዓታት ጋብ ቢልም ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙዎቹ ሲተኙና ጠዋት ሲነቁ፣ ሲያስሉና ሲያጎነብሱ እንደሚብስባቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ማስመለስ ይመጣል፤ ከምግብ ጋር ስለማይገናኝ ቤተሰብ ጨጓራ ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ ዓይን ይነካል፦ ብርሃን ያስጠላል፣ ዕይታ ይደበዝዛል፣ በተለይ ወደ ጎን ሲያዩ አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል። በአንዳንዶች ላይ ጆሮ መስማት ይቀንሳል። ቤተሰብ ዘግይቶ የሚያስተውለው፣ እኔ ግን ሁልጊዜ አጥብቄ የምጠይቀው ደግሞ የጠባይ ለውጥ ነው፤ ጨዋታ ይወድ የነበረው ዝም ይላል፣ የተነገረውን ይረሳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ የለበሰውን ልብስ አዙሮ ይለብሳል። ይህ ሲታይ በጭንቀት ወይም በመንፈስ ተይዞ ነው ተብሎ ብዙ ቀን ይባክናል። መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ራስን መሳት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እነርሱ እስኪመጡ የጠበቀ ሰው የመዳን ዕድሉ በጣም ይጠብባል። በአንዳንድ ሕመምተኞች ፊትና አንገት ላይ መሐላቸው እንደ እምብርት ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠርም ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ ፈንገሱ በሰውነት ውስጥ መሰራጨቱን ይጠቁማሉ።

የጥፍሩ ፈንገስ በዚህ ጉዳይ ጥፋት የለበትም። ፈንገስ የሚለው ቃል እጅግ ብዙ ዓይነት ሕያዋንን በአንድነት የሚጠራ ነው፤ ጭርት፣ ቋቁቻና የጥፍር ፈንገስ የሚያመጡት ዓይነቶች የሚኖሩት በቆዳ፣ በፀጉርና በጥፍር ላይ ነው፣ ወደ አንጎልም አይሄዱም። አፍ ውስጥ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ካንዲዳ የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው፤ እርሱም ወደ አንጎል አልወጣም፣ ነገር ግን በአዋቂ ሰው አፍ ውስጥ ከታየ የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ስለሚናገር ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ክሪፕቶኮከስ ግን በአፈር ውስጥ፣ በተለይ የርግብና የሌሎች ወፎች ኩስ ባለበት አፈር፣ እንዲሁም በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ከአቧራ ጋር በአየር ወደ ሳንባ ይገባል፤ አብዛኞቻችን ሳናውቀው ሳንተነፍሰው አልቀረንም፣ ጤነኛ ሰውነትም ያጠፋዋል ወይም አፍኖ ያስቀምጠዋል። መከላከያ ሲወድቅ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይዘልቃል። ዙሪያውን የሚሸፍነው ወፍራም ልባስ ከመከላከያ ሴሎች ስለሚሰውረው ሥራው ይቃናለታል። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፣ በመሳም፣ በዕቃ ወይም በአልጋ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕፃናቱ ከአጎታቸው መራቅ አያስፈልጋቸውም፣ የሚበላበትን ሳህን መለየትም ሆነ ወንድምዎን ለብቻው ማስተኛት ተገቢ አይደለም። ሳል ካለው ግን ቲቢ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ መስኮት ክፍት ይሁን፣ አፉንም በጭምብል ይሸፍን።

ታይፎይድ ስለተባለው አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ስሕተት በአገራችን ሰው እየገደለ ነውና። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ቀድሞ የነበረን ሕመም፣ ክትባትንና ሌሎች ጀርሞችን ሁሉ እየቆጠረ ታይፎይድ በሌለበት አለ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ሴፍትሪአክሶን የተባለው መርፌ ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይነካም። ሕመምተኛው አብሮ በሚሰጠው ማስታገሻ ሁለት ሦስት ቀን ቀለል ይለዋል፣ ቤተሰብም መድኃኒቱ ሠራ ይላል፣ ከዚያ ሕመሙ ከበፊቱ ከብዶ ይመለሳል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወደ እኔ ሲደርሱ ቢያንስ አንድ ዙር የታይፎይድ መርፌ ጨርሰው ነበር። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ከአንድ ሳምንት ያለፈ ራስ ምታት ካለው፣ የታይፎይድ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። የፈንገሱን የልባስ ቅንጣት፣ በሕክምና አጠራር አንቲጅኑን፣ ከደም የሚያገኝ፣ ከእርግዝና ምርመራ ጋር የሚመሳሰል ትንሽ የወረቀት መመርመሪያ አለ፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ ያህል ይታያል፣ እጅግም አስተማማኝ ነው። ደሙ ላይ ከተገኘና እንደ ወንድምዎ ያለ ምልክት ካለ ቀጣዩ እርምጃ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ ነው። አንቲጅኑ በማይመረመርበት ቦታም ፈሳሹ በኢንዲያ ኢንክ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገሱ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ሆኖም ይህ ዘዴ የሚያመልጠው ሕመምተኛ ስላለ፣ በቀለም አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።

የእናትዎን ፍርሃት አልንቀውም፤ ምንጩንም አውቀዋለሁ። ፈሳሹ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በጣም ለታመመ ሰው ስለሆነ፣ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ይሞታል፣ አንዳንዱ የአካል ጉዳት ይተርፈዋል፤ ሰውም በበሽታው የመጣውን በመርፌው ያሳብባል። እውነቱ ግን ሕብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ላይ በወገብ የላይኛው ክፍል፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ነው፤ እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ነርቮች ሲሆኑ መርፌው ሲመጣ ገለል ይላሉ። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች ከወገብ በታች የሚደነዝዙት በዚሁ ቦታ በሚሰጥ መርፌ ነው፤ ይህን ለእናትዎ ቢነግሯቸው ነገሩ ቅርብ ይሆንላቸዋል። ሰውነት ይህን ፈሳሽ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመርታል፤ ስለዚህ የሚቀዳው በሰዓታት ውስጥ ይተካል። የወገብ ሕመምና ጊዜያዊ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ደም መፍሰስና መመረዝ እጅግ ጥቂት ናቸው።

በዚህ በሽታ ፈሳሹን መውሰድ ምርመራ ብቻ እንዳልሆነም እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ ግማሹ ሕክምና እርሱ ነው። ፈንገሱና ልባሱ ፈሳሹ የሚወጣባቸውን ጠባብ መተላለፊያዎች ስለሚደፍኑ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ራስ ምታቱንና ማስመለሱን የሚያመጣው፣ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረውን ነርቭ ተጭኖ ነገርን ሁለት የሚያደርገው፣ ቆይቶም ዓይንን የሚያጠፋው ይህ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲለካ ከ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከ20 በታች እስኪወርድ ወይም በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ፈሳሽ ያወጣል፤ አስፈላጊ ሲሆን በየቀኑ ይደገማል። እያቃሰተ ገብቶ ፈሳሹ ከወጣለት በኋላ በዚያው አልጋ ላይ ቀና ብሎ ውኃ የጠየቀ ወጣት አይቻለሁ፤ ይህን ማየት ለቤተሰቡ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጥ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግፊት ካለ መርፌ አይገባም ይባላል፤ ይህ ለዚህ በሽታ አይሠራም። የሰውነት አንድ ወገን መድከም ወይም ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ካለ በአንጎል ውስጥ እብጠት መኖሩን ለማጣራት ሲቲ ስካን ማስቀደም ይገባል፤ የደም አለመርጋት ችግር ካለም መርፌው ይቆያል። ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት ብቻውን ግን የሚያስከለክል አይደለም።

ፍሉኮናዞልን ገዝቶ ቤት ውስጥ መስጠት አደገኛ ስሕተት ነው። በፋርማሲ አንድ ጊዜ እንዲዋጥ የሚሸጠው እንክብል 150 ሚሊ ግራም ነው፤ ለዚህ በሽታ ሆስፒታል ውስጥ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚሰጠው በቀን 1200 ሚሊ ግራም ነው። መጠኑን በራሳችሁ ብታሳድጉትም አይበቃም፤ ፍሉኮናዞል ፈንገሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ፈጥኖ አይገድለውም፣ በራስ ውስጥ ያለውን ግፊትም አይቀንስም፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ የሚመክረው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት በደም ሥር አንድ ጊዜ ብቻ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ተሰጥቶ፣ ፍሉሳይቶሲን የተባለ ሌላ ፀረ ፈንገስና ፍሉኮናዞል ለ14 ቀናት እንዲዋጡ ነው። ምክሩ የተመሠረተው በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ በተካሄደ ጥናት ሲሆን፣ በ10 ሳምንት ውስጥ የሞቱት በአዲሱ ሕክምና 24.8 በመቶ፣ በቀድሞው 28.7 በመቶ ነበሩ። ሁሉም ሆስፒታል ሁልጊዜ እነዚህን መድኃኒቶች አያገኝም፤ ያልተሟላ ሲሆን በየቀኑ የሚሰጠው የቀድሞው አምፎቴሪሲን ከሌሎቹ ጋር ይሰጣል፣ እርሱ ኩላሊትን ስለሚጎዳና የደም ፖታሲየምን ስለሚያወርድ አስቀድሞ በቂ ፈሳሽ መስጠትና ደሙን ደጋግሞ መመርመር ግዴታ ነው። የደረሳችሁበት ሆስፒታል ያለው ፍሉኮናዞል ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የሪፈር ወረቀትም አስጽፉ።

እነዚያን ቁጥሮች አልሸሸግኋቸውም፤ በጥሩ ሕክምናም ከአራት ሕመምተኞች አንዱ ያህል ይሞታል፣ ሳይታከም የሚድን ግን የለም ማለት ይቻላል። ከሚተርፉትም ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው እንደነበረ የማይመለስላቸው አሉ። ወንድምዎ ራሱን ሳይስት፣ እያወራና እየተራመደ ሆስፒታል ከደረሰ ከሚድኑት ወገን የመሆን ዕድሉ በጣም ይሻላል።

በደግ ልብ የሚፈጸም አንድ ስሕተትም አለ። ወንድምዎ የተረፈውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዛሬ እንዲጀምር አታድርጉት። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ድንገት የነቃ የሰውነት መከላከያ በአንጎል ውስጥ ባለው ፈንገስ ላይ ሲዘምት ቁጣው ራሱ ሊገድል ይችላል። በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነ ጥናት፣ መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከጀመሩት 45 በመቶ፣ አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩት 30 በመቶ በስድስት ወር ውስጥ ሞተዋል። ስለዚህ የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ ይጀመራል። ይህን የሚያነብና መድኃኒቱን አሁን እየወሰደ ያለ ሰው ግን ራሱን አመመኝ ብሎ እንዳያቋርጥ፤ ይህ የሚመለከተው ያቋረጡትንና ገና ያልጀመሩትን ነው። ቁጣን የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒትም ለአንጎል ሽፋን ቲቢ የሚሰጥ ቢሆንም ለክሪፕቶኮከስ ጎጂ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ፣ በአፍሪካና በእስያ በተካሄደ ጥናት ታይቷል፤ በግምት ሳይሆን በምርመራ መታከም አለበት የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው አያበቃም። ፍሉኮናዞል በቀን 800 ሚሊ ግራም ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ 200 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለአንድ ዓመትና የሰውነት መከላከያው መጠን፣ ማለትም ሲዲ ፎር፣ በበቂ እስኪያድግ ይቀጥላል። ደህና ነኝ ብሎ በሦስተኛው ወር የተወው ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ራስ ምታቱ ከተመለሰ ማስታገሻ ሳይፈልግ በዚያው ቀን ይምጣ። ጸበል የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ አባቶችም ሁለቱ እንደማይጣሉ ደጋግመው አስተምረዋል። ያቋረጠበት ምክንያት ይህ ከነበረ ሐኪሙ ሳይቆጣ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

መድኃኒት ያቋረጠ ሌላ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ራሱን እስኪያመው አትጠብቁ። አንቲጅኑ ምልክት ከመታየቱ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በፊት በደም ውስጥ ይገኛል፤ ሲዲ ፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው ሁሉ፣ ከተቻለም ከ200 በታች የሆነው፣ መድኃኒቱን ሲጀምር ወይም ሲመለስ እንዲመረመር ይመከራል፣ ቀድሞ ከተገኘም አንጎሉ ሳይነካ መከላከል ይቻላል። ኤች አይ ቪ ሳይኖርባቸውም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በዚህ ፈንገስ ሊያዙ ይችላሉ።

ዛሬ ስትሄዱ የቀድሞ የክትትል ካርዱን፣ እስካሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያና የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ ያዙ። ኤች አይ ቪ እንዳለበት በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ መደበቅ በቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሰው እንዳይሰማ ከፈለጋችሁ የተረኛውን ነርስ ወይም ሐኪም ለብቻ ጠርታችሁ ንገሩ፣ ግን ንገሩ። «ራሱን ያመዋል» ብቻ ካላችሁ ተራ ይጠብቃል። እንዲህ በሉ፦ «ኤች አይ ቪ አለበት፣ መድኃኒት ካቋረጠ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አሁን ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ይደረግለት።»